መስኮት ከሌለው ክፍል የመጣ እልልታ

ነገሩን ከመጀመሬ በፊት ስለ ራሴ አንድ ነገር ላስቀድም፣ እኔ ይበልጣል ማለት ገና መራዊ ከተማ ልጅ ሳለሁ ጀምሮ ጋኔን አየሁ የሚል ሰው ሲመጣ የት ቦታ፣ ጨረቃ ነበረች ወይ፣ ከየት ጠጥተህ ስትመጣ ነው እያልሁ የማፋጥጥ፣ በዚህም ጠባዬ ስንት የሞቀ ጨዋታ ያቀዘቀዝሁ ሰው ነኝ፣ ባለቤቴ «አንተ እኮ መልአክ ቢገለጥልህ መታወቂያ ትጠይቀዋለህ» ትለኛለች፣ እውነቷን ነው፣ እጠይቀዋለሁ። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ስትሰሙ ሰውየው ድሮም ቀልቡ የሳሳ ነው እንዳትሉኝ፣ ቀልቤ ሙሉ ነው፣ ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ ነው የምላችሁ፣ ምን እንደነበረ ንገረን ካላችሁኝ ግን እኔም እንደናንተው ነኝ።

ሥራዬ አይጥ ማርባት ነው። አትሳቁ። እዚህ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ የምርምር ማዕከል ውስጥ የእንስሳት ክፍሉ ኃላፊ ነኝ፣ ሰርግ ቤት ተቀምጬ አጠገቤ ያለው ሰው ሥራህ ምንድን ነው ሲለኝ «የባዮሎጂ ባለሙያ ነኝ» ብዬ በክብር ላልፍ ስል አማቴ ከወዲያ ማዶ «አይጥ ነው የሚያረባው» ይሉና ገበታው በሙሉ በሳቅ ይፈርሳል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ምን ላድርግ፣ ሰውየው ውሸት አልተናገሩ። ግን የእኛዎቹ በፊልም የምታዩዋቸው ዓይነ ቀይ ነጫጭ አይጦች አይደሉም፣ ከዱር የመጡ ናቸው፣ ጀርባቸው ዥጉርጉር፣ ጆሯቸው ክብ፣ ገበሬው የሣር አይጥ የሚላቸው፣ በቆጋ የመስኖ ቦይ ዳርና በሰባታሚት ማሳ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ሲሯሯጡ የምታዩዋቸው። ወጥመድ ስናስቀምጥ የቆጋ ገበሬዎች የሳቁብንን ሳቅ መቼም አልረሳውም፣ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ብዙ ከተመለከቱን በኋላ «ልጆቼ፣ እኛ ልንፈጃቸው ስንት እንለፋለን፣ እናንተ በመኪና ወስዳችሁ ቀለብ ትሰፍሩላቸዋላችሁ አሉ። እኔንስ አትወስዱኝም?» አሉን።

ለምን እንደምንፈልጋቸው ላስረዳችሁ። ይኼ አይጥ እንደ ቤት አይጥ የሌሊት ሌባ አይደለም፣ እንደ እኛው ቀን ሠርቶ ሌሊት የሚተኛ ነው፣ ደግሞ ሜዳ ላይ ሣርና ዘር እየበላ ሸንቃጣ ሆኖ ይኖርና፣ ፋብሪካ ያዘጋጀውን መኖ ስታቀርቡለት እንደ ከተሜ ይወፍርና ስኳር ይይዘዋል። ስኳር በሰው ዓይን ላይ የሚያደርሰውን ለማጥናት ከዚህ የተሻለ እንስሳ ከየት ይገኛል ትላለች ዶክተር ሶፊያ። ሶፊያ የእንስሳት ሐኪማችን ናት፣ የድሬዳዋ ልጅ፣ ሳቋ ከሕንፃው ጫፍ የሚሰማ፣ የባሕር ዳርን ክረምት እንደ ቅጣት የምትቆጥር፣ በነጭ ካፖርቷ ሥር ሁለት ሹራብ የምትደርብ ሰው ናት፣ የእናቷ ዓይን በስኳር ምክንያት ከደከመ ወዲህ ግን በዚህ ጥናት ላይ ቀልድ አታውቅም።

ሦስተኛዋ የክፍሉ ሰው ዘሀራ ናት። ኬጆቹን የምታጥበው እሷ ናት፣ ባሏ ሐይቁ ዳር ታንኳ የሚሠራ ሰው ስለሆነ ከታንኳው የተረፈውን የደረቀ ደንገል ቆራርጣ ታመጣልንና አይጦቹ እየሰነጠቁ ጎጆ ይሠሩበታል። በእኛ ሥራ ለእንስሳ ስም አይወጣም፣ ጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግና በዚያው ይጠራል፣ እንዳንላመድ ነው፣ ዘሀራ ግን ደንቡን ሰምታ እንዳልሰማች አልፋው ሁሉንም ስም አውጥታላቸዋለች፣ አንዱ ጌቶች ነው፣ አንዱ ሰካራሙ ነው፣ አንዷን ውፍረቷንና ኩራቷን አይታ ወይዘሮ ብላታለች፣ ስትገባ በየተራ ሰላም ትላቸዋለች፣ እኔን መጨረሻ ላይ ነው ሰላም የምትለኝ። የዱር ልጆች ስለሆኑ በእጅ አይያዙም፣ እንደ ፌንጣ ዘልለው ኮርኒስ ይነካሉ፣ ስለዚህ ቁራጭ ሸንበቆ እናስገባላቸዋለን፣ ዘው ብለው ይገቡበታል፣ እኛም ሸንበቆውን በሁለት በኩል በመዳፋችን ደፍነን ወደፈለግነው እናዘዋውራቸዋለን። መጀመሪያ ሰሞን ይኼን ሳናውቅ አንዱ አምልጦ ሶፊያ ኪስ ውስጥ ገብቶ አብሯት ምሳ በልቷል፣ እመኑኝ ይኼ ከምነግራችሁ ውስጥ በጣም ትንሹ ነው።

ችግራችን አንድ ብቻ ነበር፣ አይወልዱም። ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይወፍራሉ፣ እርስ በርስ ጠጉር ያበጃጃሉ፣ ልጅ የሚባል ነገር ግን የለም። ወንዱን ቀየርን፣ ሴቷን ቀየርን፣ መኖውን ቀየርን፣ ደንገሉን ጨመርን፣ ዘበኛችን ጋሽ አንለይ ጠበል እንርጭባቸው አሉ፣ ዘሀራ ዱዓ አደረገች፣ እኔ ሁለቱንም ሳቅሁባቸው፣ እነሱም የአንተስ ሳይንስ ምን አመጣልን ብለው መልሰው ሳቁብኝ። የያዝናቸው እንደሆነ እያረጁ ነው፣ ከዱር የመጣ እንስሳ በቤት ወልዶ ካልተተካ ደግሞ ጥናት የሚባል ነገር የለም፣ በየዓመቱ ከማሳ እያመጡ መጀመር ይሆናል።

በክረምቱ መግቢያ ዳይሬክተራችን እኔንና ሶፊያን ጠርቶ በትሕትና፣ ዓይናችንንም ሳያይ፣ ክፍሉ ለሌላ ሥራ እንደሚፈለግና እስከ ሐምሌ መጨረሻ ባዶ እንዲሆን ነገረን። ባዶ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ አንዴ ላቦራቶሪ የገባ እንስሳ ወደ ማሳ አይመለስም፣ በሽታ ይዞ ይወጣል ተብሎ በሁሉም ዘንድ የተከለከለ ነው፣ ስለዚህ ባዶ ማለት ሁሉንም ጋዝ በሚገባበት ሳጥን እያስገቡ ለዘለዓለም ማስተኛት ነው። ሕመም የለውም፣ በደንብ ሠልጥኜበታለሁ፣ ግን ይህን ያህል ጊዜ በሸንበቆ እያዘዋወርሁ ያሳደግኋቸውን፣ ጌቶችን፣ ሰካራሙን፣ ወይዘሮን። ቤቴ ሄጄ አለቀስሁ። ሳቁብኝ ከፈለጋችሁ፣ አማቴም ስቀዋል።

ከዚያ በኋላ ቀናችን ፈዘዘ። ጠዋት ጠዋት ገብተን ኬጅ መጥረጉን፣ መመዘኑን፣ ሸንበቆ ማስገባቱን ሁሉ ተውነው፣ ለሚሞት ምን ያደርግለታል ብለን፣ ከሰዓት በኋላ ብቻ ብቅ እያልን ምግብና ውኃ ሰጥተን እንወጣለን፣ ዘሀራም ሰላም ማለቷን ሳታቋርጥ ድምፅዋን ግን ዝቅ አደረገች። እንዲህ እያልን ቀኑ ደረሰ።

ቅዳሜ ነበር። ሶፊያ ጠዋት በሥራ መግቢያ ተገናኝተን አብረን እንጨርሰዋለን ብላኝ ነበር፣ ስትናገር ግን የወይዘሮን ኬጅ በጣቷ እየዳበሰች ስለነበር እሷም ዘሀራም ሳይመጡ ብቻዬን ልገላግላቸው ብዬ ወሰንሁና ገና ሳይነጋ ከቤት ወጣሁ። ዝናቡ አባርቶ ነበር፣ የሐይቁ ዳር ዘንባባዎች ያንጠባጥባሉ፣ ባጃጅ አጥቼ በእግሬ ነበር የሄድሁት፣ እውነቴን ነው የምላችሁ እግሬ ወደ ኋላ ይጎትተኝ ነበር። ጋሽ አንለይ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩን ከፈቱልኝና ፊቴን አይተው «ዛሬ ነው?» አሉኝ፣ አዎ አልኋቸው፣ ሌላ አልጠየቁኝም፣ «እግዜር ያቅልልህ ልጄ» ብለው ወደ ማማቸው ተመለሱ።

ሳጥኑን ከመጋዘን አወጣሁት፣ ጎማ ባለው ጋሪ ላይ ነው፣ አንደኛው ጎማ ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል፣ ኮሪደሩን እስካጋምስ ድረስ ከእሱ ሌላ የምሰማው የሐይቁን እንቁራሪት ብቻ ነበር። ከአይጦቹ ክፍል አጠገብ ስደርስ እንቁራሪቶቹ ዝም አሉ። እሺ፣ እንቁራሪት ዝም ይላል፣ ምንም አይደለም። ጋሪውን አቆምሁ። ያን ጊዜ ከበሩ ኋላ እልልታ ሰማሁ።

ምን ዓይነት እልልታ እንደሆነ ላስረዳችሁ ብዬ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልተሳካልኝም። ቀጭን ነው፣ በጣም ቀጭን፣ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል ግን እዚሁ ነው፣ አራስ ቤት የተሰበሰቡ ሴቶች ልጁ እንዳይነቃ ተጠንቅቀው የሚያሰሙት ዓይነት፣ ደስታ ያለበት እልልታ ነው፣ ይኼን ልብ በሉልኝ፣ ጩኸት አይደለም፣ ለቅሶ አይደለም፣ ደስታ ነው። መጀመሪያ የመጣልኝ ዘሀራ ቀድማኝ ገብታ ደህና ሁኑ እያለቻቸው ነው የሚል ነበርና «ዘሀራ?» ብዬ ተጣራሁ። እልልታው ቆመ። እጀታውን ያዝሁት፣ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ደግሞ እኔ ኪስ ውስጥ ነው፣ ክፍሉ መስኮት የለውም፣ ሌላ በር የለውም።

ሌላ ሰው ቢሆን ጋሽ አንለይን ይጠራ ነበር፣ እኔ ግን እንደነገርኋችሁ መታወቂያ ጠያቂ ነኝ፣ ከፈትሁት። መብራቱን አላበራሁም፣ ተኝተው ሳሉ ልገላግላቸው ስለነበር ያሰብሁት ግንባሬ ላይ የምትታሰር ቀይ ባትሪ ነበረችኝ፣ ቀይ ብርሃን እነሱን እምብዛም አይረብሻቸውም፣ እሷን አብርቼ ገባሁ።

ሁሉም ቆመዋል። በየመደርደሪያው፣ በየኬጁ፣ ዓይኔ የደረሰባቸው ሁሉ በኋላ እግራቸው ቀጥ ብለው፣ የፊት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ አፍንጫቸውን ቀና አድርገው ቆመዋል፣ ፊታቸውም በሙሉ ወደ አንድ ግድግዳ ነው፣ በቀኝ በኩል ወዳለው፣ ከቀለም በቀር ምንም የሌለበት ባዶ ግድግዳ። እግሩን የሚያመው ሰካራሙ እንኳ የኬጁን ሽቦ ተደግፎ ቆሟል። የዱር አይጥ እኮ ሰው ሲገባ እንደ ፈንዲሻ ነው የሚበተነው፣ በር ሲከፈት የት እንደገባ አታዩትም፣ እነዚህ ግን ዞር ብሎ ያየኝ የለም፣ ጢማቸው እንኳ አይንቀሳቀስም። በአንድ በኩል ያለውን ኬጅ በጥፍሬ ነካ አደረግሁት፣ ምንም። ከዚያ እልልታው እንደገና ጀመረ፣ ከየትኛው ኬጅ እንደሆነ ልለይ ወደ ግራ ስዞር ከኋላዬ ይሆናል፣ ወደ ኋላ ስዞር እንደገና ከኋላዬ ይሆናል፣ መዞሩን ትቼ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጥሁ።

ስንት ደቂቃ እንደተቀመጥሁ አላውቅም። ሳይታወቀኝ እልልታው ቆሞ ኖሮ በጸጥታው መሀል ሌላ ድምፅ ሰማሁ፣ ይኼኛው የዚህ ዓለም ድምፅ ነበር፣ ከታችኛው መደርደሪያ፣ ከደንገሉ ውስጥ፣ ጭር ጭር የሚል። አጎንብሼ አየሁ። ከሁሉም ያልቆመችው ወይዘሮ ብቻ ነበረች፣ ጎጆዋ ውስጥ በጎኗ ተጋድማ አንድ ነገር ትልሳለች፣ ባትሪዬን አቀረብሁ፣ እንደ ባቄላ ፍሬ የሚያክሉ፣ ጠጉር የሌላቸው፣ ዓይናቸው ያልተገለጠ፣ እርስ በርስ የሚተረማመሱ ልጆች። ወልዳለች። ስንት ጊዜ ወፍራም ናት እያልን አልፈናት፣ ወይዘሮ ወልዳለች። ጮኼ እንዳላስደነግጣት አፌን በሁለት እጄ ያዝሁት፣ እንባዬ በጣቶቼ መሀል ይወርዳል፣ እንደዚያ ያለ ደስታ የበኩር ልጄ የተወለደ ቀን ካልሆነ በቀር አላውቅም፣ ለባለቤቴ ይኼን እንዳትነግሩብኝ። ቀና ስል የቆሙት ሁሉ ባንድ ጊዜ ዝቅ አሉና ቅዳሴ እንዳለቀለት ሕዝብ እያንዳንዳቸው ወደየጉዳያቸው ሄዱ፣ አንዱ ጥቅልል ብሎ ተኛ፣ አንዱ ደንገሉን ይሰነጥቃል፣ አንዱ ዘሩን ይፈለፍላል።

ኮሪደር ወጣሁ። ጫፉ ላይ ወደ ዓባይ በኩል የሚያሳይ መስኮት አለ፣ የፀሐይዋ ጠርዝ ገና ያኔ ብቅ ማለቷ ነበር። ቆሜ ሳሰላው አይጦቹ የቆሙለት ባዶ ግድግዳ በዚያው በኩል ነው። እሱን ገና ሳላብላላ ጋሽ አንለይ ከወዲያ ጋቢያቸውን እየጎተቱ መጡና፣ እኔ አንድ ቃል ሳልተነፍስ፣ «ማን ነው የወለደች?» አሉኝ።

ምን ሰምተው ነው አልኋቸው። እልልታ ነዋ አሉ፣ ገና አንተ እንደገባህ፣ ጆሮዬን ጥዬ ቆጠርሁት አሉ። በእኛ አገር እንደምታውቁት ሴት ስትገላገል ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት እልል ይባላል፣ ጎረቤት ደጁ ተቀምጦ በቁጥሩ ምን እንደተወለደ ያውቃል። ጋሽ አንለይ በጣታቸው እያሳዩኝ «ሰባት ሲሞላ ወንድ ነው አልሁ፣ አርፎ እንደገና ሰባት ሆነ፣ መንታ ናቸው አልሁ። ከዚያ ሦስት፣ ደግሞ ሦስት። ኧረ ይች ሴት ምን ጉድ ናት አልሁና ልጠይቅ መጣሁ» አሉኝ። ግቢያችን ውስጥ በዚያ ሰዓት ከእሳቸውና ከእኔ በቀር ሰው የለም፣ ከክፍሉ ኋላ ሐይቅ ነው። ወይዘሮ መውለዷን ስነግራቸው አንዴ እኔን አንዴ በሩን አዩና አማተቡ፣ ከዚያ ሳቅ አፈነዳቸው፣ ጠበሌን ሳልረጭ መሆኑ ነው የቆጨኝ አሉ።

ሶፊያ ጋ ደወልሁ። ጨርሻለሁ ልላት መስሏት ስልኩን አንስታ አልተናገረችም፣ ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል፣ «ወለደች» አልኋት። «ሶፊያ፣ ወይዘሮ ወልዳለች።» ከዚያ የሰማሁት ጩኸት እስካሁን በቀኝ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ባጃጅ ላይ ዘላ፣ ፒጃማዋ ላይ ካፖርቷን ደርባ፣ በግራ እግሯ ነጠላ ጫማ በቀኟ ስኒከር አድርጋ መጣች። ዘሀራም ደረሰች፣ ነገሩን ስትሰማ ደንገሏን ጥላ ኮሪደሩ መሀል እልል አለች፣ የምር እልልታ፣ ግድግዳ የሚያስተጋባ፣ እኔም ጆሮዬን አቅንቼ ሰማኋት፣ ያ አልነበረም፣ በጭራሽ ያ አልነበረም።

አሁን ደግሞ የሚያስቀውን ስሙ። ሶፊያ ክፍሉ እንደገባች እንደ ልማዳችን እጇን ወደ ማብሪያው ስትሰድ ያዝኋትና እናትየዋን አትረብሺያት፣ በሰዓቱ ራሱ ይብራ አልኋት። ክፍሉ መስኮት ስለሌለው መብራቱን ንጋት ላይ የሚያበራ ምሽት ላይ የሚያጠፋ የሰዓት መቆጣጠሪያ አለው። ቆምን፣ ጠበቅን። ፀሐይዋ ውጭ በደንብ ወጥታለች፣ ክፍሉ ግን ጨለማ ነው። ኮሪደሩ መብራት አለው፣ ስለዚህ መብራት ጠፍቶ አይደለም። ሶፊያ ወንበር ላይ ወጥታ መቆጣጠሪያውን አየችው፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጢጥ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። የፈረንጅ ዕቃ ነው፣ ከእኩለ ሌሊት ነው የሚቆጥረው፣ እኛ ደግሞ እንደ አባቶቻችን ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው ብለን ማብሪያውን አሥራ ሁለት ላይ፣ ማጥፊያውን ከዚያ አሥራ ሁለት ሰዓት አዘግይተን ሞልተነዋል። ለእነሱ ንጋቱ እኛ ምሳ የምንበላበት ሰዓት ሆኗል፣ ምሽታቸው ደግሞ እኩለ ሌሊት። ማን እንደሞላው እስከ ዛሬ እኔ በእሷ፣ እሷ በእኔ እናላክካለን።

እንግዲህ አስቡት፣ ጠዋት ጠዋት ስንገባ ክፍሉ ጨለማ ነበር፣ ጨለማ ክፍል የገባ ሰው ደግሞ ያበራል እንጂ ለምን ጨለመ ብሎ አይመራመርም፣ እያበራን፣ እየጠረግን፣ እየመዘንን፣ ስንወጣ እንደ ጨዋ ሰው እያጠፋን፣ ለካ በየቀኑ የምንገባው በእንቅልፋቸው መሀል ነው። መብራት በርቶበት አልጋው በየሌሊቱ እየተጠረገ ትዳሩ የሚሰምርለት ማን ነው? ተስፋ ቆርጠን ጠዋት መግባቱን ስንተው ነው ሰላም ያገኙት፣ ወይዘሮም ጊዜዋን ያገኘችው። ዘሀራ ይኼን ስትሰማ «እኔ እኮ ሁልጊዜ ሰላም ስላቸው የሚያኮርፉት ለዚህ ነበር» አለች። ዳይሬክተሩ ተጠርቶ መጣ፣ ልጆቹን አየ፣ የሰዓቱንም ታሪክ ሰማ፣ ተው እንጂ እያለ ሳቀና ክፍሉ እንዲቆይልን ፈቀደ፣ ሳጥኑን በዚያው ጋሪ ወደ መጋዘን መለስሁት፣ ጎማው ሲጢጥ ሲል እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሰዓቱን አስተካከልን፣ ከዚያ ወዲያማ መውለድ ብቻ ሆነ ሥራቸው፣ ጌቶች እንኳ በስተርጅና የአባትነት ወግ አየ፣ ሶፊያ ለእናቷ ደውላ ጥናቱ ተጀመረ ስትላቸው እኔ አጠገቧ ነበርሁ፣ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ነበር የሚያወሩት።

እዚህ ላይ ብጨርስላችሁ ጥሩ ነበር። ግን ሒሳቡን አብራችሁኝ ሥሩት፣ የዚያን ቀን ጠዋት መቆጣጠሪያው ገና አልተስተካከለም፣ በክፍሉ ሰዓት ለእነሱ እኩለ ሌሊት ነበር፣ የቀን እንስሳት ናቸው፣ ድብን ብለው መተኛት ነበረባቸው፣ የውጭውን ፀሐይ ደግሞ ከመጡ ወዲህ አላዩዋትም። ማን ነገራቸው? ሶፊያ ምክንያት አታጣም፣ ያ ግድግዳ ቀድሞ ይሞቅ ይሆናል፣ የሐይቁን ወፎች ሰምተው ይሆናል፣ የእነሱ ድምፅ ከሰው ጆሮ በላይ ቀጭን ነው፣ አልፎ አልፎ ወረድ ሲል እልልታ መስሎህ ይሆናል ትለኛለች፣ እኔም ቀን ቀን አምናታለሁ። ግድግዳውን ግን በክረምት ጎሕ ሲቀድ በእጄ ዳስሼዋለሁ፣ ቀዝቃዛ ነው። ልጆቹም ጠጉር አብቅለው ወንድና ሴታቸው ሲለይ ሶፊያ በሸንበቆ አንድ በአንድ እያወጣች አየቻቸው፣ ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት። የጋሽ አንለይን ቆጠራ ነግሬያት ስለነበር ቀና ብላ አየችኝ፣ ያን ቀን ወፍም ግድግዳም አላነሳችብኝ።

እጇን ታጥባ ስትጨርስ ግን፣ ፎጣውን እንደያዘች፣ ዝግ ብላ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «መንጋቱን ካወቁ፣ ልጅ መወለዱንም ካወቁ» አለች፣ «ሳጥኑን ይዘህ በሩ ላይ መቆምህንስ?» ፎጣውን ተቀብያት ሰቀልሁት።

አሁን ክፍሉ በጣም ሞልቷል፣ ወይዘሮ አያት ሆናለች፣ ዘሀራ ስም አልቆባት በራሷ ልጆች ስም መጥራት ጀምራለች፣ ደስ የሚል ቤት ነው፣ ባሕር ዳር ስትመጡ ላሳያችሁ እችላለሁ። ብቻ እኔ አንድ ልማድ ወጥቶብኛል፣ ጠዋት ቁልፉን ከማስገባቴ በፊት በሩን በጣቴ ቀስ አድርጌ አንኳኳለሁ። ለማን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ስቆረቁረው ውስጥ ያለው ጫጫታ ባንድ ጊዜ ጸጥ ይላል፣ ትንሽ እቆማለሁ፣ ጫጫታው ሲመለስ ከፍቼ እገባለሁ፣ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ነው የሚመለሰው። አንዳንድ ቀን ግን ጸጥታው ይረዝምብኛል፣ እንደዚያ ባለ ቀን ምን ይዤ እንደመጣሁ ኪሴን እየፈተሽሁ ከበሩ ውጭ እቆያለሁ።